ለአንድ ሰው የወጣ ደንብ

ጋሼ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ሲተኩሱ ሚጡ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። በሌላው ቀን ካውያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ዛሬ ግን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ለትልቅ ቀን የሚለብሱትን ነጭ የአስተማሪ ሸሚዝ ዘርግተው ከኮሌታው ጋር ይታገላሉ። ሚስታቸው እትዬ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ከወጥ ቤት ሆነው አስጠነቀቁ። መልስ የለም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙ። አሁንም መልስ የለም። በመጨረሻ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጥተው፣ ትከሻቸውን ነካ አድርገው፣ ፊት ለፊት ቆመው ሲናገሩ ነው ጋሼ «ሰማሁ፣ ሰማሁ፤ ምን ያስጮህሻል?» ያሉት። እትዬ ሚጡን አዩ፤ ሚጡ እትዬን አየች፤ ከዚያ ሁለቱም ካውያውን አዩ። በዚህ ቤት ስለ ጋሼ ጆሮ የሚወራው እንዲህ ብቻ ነው፤ በቃል የተናገረው ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ሸሚዙ የሚተኮሰው ለሚጡ ክብር ነበር። ሚጡ ለአብራሪዎች ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ውስጥ ደንብ አርቃቂ ናት። ለአገር ሙሉ ደንብ የምትጽፍ ሴት ቤቷ ስትገባ ሚጡ መባሏ ያስቃል፤ ግን አባቷ ሞቶ አጎቷ ጋሼ ወደዚህ ቤት ሲያመጧት ገና ሕፃን ስለነበረች ስሙ በዚያው ቀረ። ጋሼ የበረራ አስተማሪ ናቸው። እሷንም አብራሪ ሊያደርጓት ሞክረው ነበር፤ ሆዷ እምቢ አለ፤ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሳይለቅ ታስመልሳለች። ጋሼ አልተቀየሟትም። «አየሩ የእኔ፣ ወረቀቱ የአንቺ» ብለው ተከፋፈሉ። ዛሬ የእሷ ወረቀት የሚታይበት ቀን ነው፤ የበረራ አስተማሪዎች ፈቃድ እንዴት እንደሚታደስ ባረቀቀችው አዲስ ደንብ ላይ አስተማሪዎቹ ተጠርተው አስተያየት ይሰጣሉ። ጋሼ ለጥበቃው፣ ለባለሱቁ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር «ልጄ ደንብ አወጣች» ብለው አዳርሰዋል።

እስከ ዛሬ የአስተማሪ ፈቃድ ሲታደስ አስተማሪውን አየር ላይ ወጥቶ የሚያየው ሰው አልነበረም። ያስተማራቸው ልጆች ፈተና አልፈው ከሆነ ወረቀቱ ይታያል፣ ማኅተሙ ይመታል፣ አለቀ። የጋሼ ልጆች ደግሞ ሁሌም ያልፋሉ። የሚጡ ረቂቅ ይህን ይቀይራል። በተለይ ሰባተኛው አንቀጽ፣ ፈቃዱን የሚያሳድስ አስተማሪ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ፈታኝ አጠገቡ አስቀምጦ ይብረር፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የሚደረገውንም የሬዲዮ ንግግር ራሱ ያድርግ ይላል። አንቀጹ ሲነበብ የማንንም ስም አይጠራም፤ ዕድሜም አይጠቅስም፤ ለሁሉም እኩል ነው። ሚጡ የጻፈችው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሰውየው አሁን ኮሌታ እየተኮሱ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሁድ ነው። ተማሪዎቻቸው ጋሼን «አባ ዝም» ይሏቸዋል፤ አውሮፕላን ውስጥ ሬዲዮውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለተማሪው ሰጥተው እሳቸው ጭጭ ስለሚሉ ነው። ሌሎቹ አስተማሪዎች በዚህ ይቀናሉ። የእነሱ ተማሪ ወር ሙሉ ምላሱ ሲተሳሰር፣ የጋሼ ተማሪ በሳምንቱ ከማማው ጋር እንደ ጎረቤት ያወራል። ዘዴ ነው ይባላል። የዚያን እሁድ ሚጡ ሆዷን ጨክና ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። መንደርደሪያው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ማማው በሬዲዮ «ባላችሁበት ቁሙ፣ የሚያርፍ አለ» አለ። ተማሪዋ ደንግጣ መልስ ጠፋት። ጋሼ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥረው ወደፊት ገፉ። ተማሪዋ በሁለት እግሯ ፍሬኑ ላይ ቆመች፤ ሌላው አውሮፕላን አፍንጫቸው ሥር አልፎ አረፈ። ጋሼ ዞር አሉና «ጎበዝ፤ ዓይንሽ ንቁ ነው» ብለው አመሰገኗት። ሚጡ ዘዴ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

የጤና ምርመራ አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። አለ። ሐኪሙ የጥንት ወዳጃቸው ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ስለ ጉልበቱ ያወራቸዋል፣ ጋሼ ከንፈሩን እያዩ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም ደህና ነህ ተባብለው ይለያያሉ። ሚጡ ያን ቀን ማታውኑ ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጋሼ፣ ጆሮዎ አልሰማ ብሏል፣ ማስተማሩ ይብቃዎ። እራት ላይ አፏን ስትከፍት ጋሼ ብርቱካን ልጠው ሰጧት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚያደርጉት ነጩን ገለባ አንድ በአንድ አንስተውላት። አፏን በብርቱካን ዘጋችው። ሰኞ ቢሮ ገብታ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር በሕግ ቋንቋ ጻፈቻት። አለቃዋ ሲያነበው ወደደው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ድሮ መውጣት ነበረበት አለ። እሷም የደኅንነት ጉዳይ ነው ስትል ሰነበተች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መኪና ውስጥ ጋሼ የተተኮሰው ሸሚዝ እንዳይጨማደድ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የነዳጅ ሰልፍ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ጋሼ ስለ ነዳጅ መወደድ፣ ስለ እትዬ ጉልበት፣ ውሃ ስለሚያንጠባጥበው የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ አወሩ። ሚጡ ስብሰባው አሰልቺ እንደሚሆን፣ ባይመጡም ማንም እንደማይቀየም ነገረቻቸው። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ስለተናገረች አልመለሱላትም። አንገታቸውን ብቻ በደስታ ነቀነቁ። ቆይተው በራሳቸው ጊዜ፣ አስተማሪ ሲሰበሰብ አመለኛ ነው፣ ቢጮኹብሽ እኔ አለሁ አሏት። ሚጡን መንገዱ ባያልቅ ደስ ባላት ነበር፤ ግን አለቀ።

ጋሼን አዳራሽ አስገብታ የረቂቁን ቅጂዎች ልታመጣ ደረጃ ስትወጣ፣ ከበላይዋ መታጠፊያው ላይ ሁለት አስተማሪዎች ሲጋራ እያጨሱ ያወራሉ። አንደኛው ስለ ሰባተኛው አንቀጽ ነው የሚያወራው። ፈታኝ ይቀመጥ የሚለው ይሁን፣ ግን ሬዲዮውን ራሱ ይያዝ የምትለዋ ከየት መጣች? እንዲህ ያለች ነገር ሰው ታስቦ ካልሆነ አትጻፍም። ሌላው ማን ታስቦ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ የመጀመሪያው። «ብቻ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ዳውላው ደግሞ እኛ ነን።»

ተሳሳቁ። ሚጡ ባለችበት ቆማ ሲጋራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀች። ያሳደጓት ሰው በአህያ መመሰላቸው አይደለም ያሳፈራት፤ አባባሉ ልክ መሆኑ ነው። ሲሄዱ ቅጂዎቹን አምጥታ፣ ፊቷን በውሃ ታጥባ ወረደች።

አዳራሹ ሰፊ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሮቹ የሚንቋቋ ነው። አንዱ የጣሪያ ማራገቢያ ይዞራል፣ ሌላው ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ አለቃዋ መሃል፣ እሷ ከጎኑ ተቀመጡ። ጋሼ ከኋላው ረድፍ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው መሃል ናቸው፤ ከአዳራሹ ግማሹ በእሳቸው እጅ አየር ያየ ነው። ሚጡ ረቂቁን አነበበች። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች። አንብባ ስትጨርስ እጆች ተነሡ። ፈታኙ ስንት ነው፣ ማን ይከፍለዋል፣ ወረፋው መቼ ያልቃል፤ የተለመደው የስብሰባ ጥያቄ ነበር፣ አለቃዋም የተለመደውን መልስ እየሰጠ አሳለፈው። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዲት አጭር ሴት ተነሣች። ባለትራሷ ናት። ቁመቷ ስለማይበቃ ትራስ ላይ ተቀምጣ የምትበርር፣ የጋሼ ተማሪ የነበረች፣ አሁን ራቅ ባለ ትንሽ ሜዳ የምታስተምር ሴት ነች። ወደ ጠረጴዛው ዞራ፣ ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጥታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«እኔ ያለሁበት አንድ አሮጌ አውሮፕላን ነው ያለው። ፈታኝ እዚያ አይመጣም። እኔ ልምጣ ካላችሁ የሚጠባ ልጅ አዝዬ፣ የሰው አውሮፕላን ተከራይቼ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ኪራይ የወር የቤት ኪራዬን ያህላል። ፈቃዴ የሚያልቀው ደንቡ በሚጀምርበት ወር ነው። ካልታደሰ አላስተምርም፣ ካላስተማርኩ ደሞዝ የለም። ያስተማርኳቸው ሁሉ አልፈዋል። ጥፋቴን ንገሩኝና ልታረም።»

ተቀመጠች። ሚጡ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። ጥፋት የለሽም፣ የዘመድ ጣጣ ነው የሚል መልስ በምን አንቀጽ ይጻፋል? አለቃዋ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ፣ ሰባተኛውን ብናወጣው ምን ይመስልሻል፣ ልጅቷ እውነቷን ነው አለ። ሚጡ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ሲነሣ ታወቃት። ባለትራሷ ትድናለች፣ ጋሼ ያስተምራሉ፣ እሷም እንደ ወትሮው ዝም ብላ ትኖራለች። ፍሬኑ ላይ የቆመችው ተማሪ ትዝ አለቻት፤ ትዝታውን ገፋ አድርጋ ራሷን በእሺታ ልትነቀንቅ ስትል፣ ከኋላ ረድፍ የነጭ ሸሚዝ እጅጌ ከፍ አለ።

ጋሼ የረቂቁን ቅጂ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ከባለትራሷ ንግግር አንዲት ቃል አልደረሰቻቸውም፤ ያዩት ጀርባዋን፣ ቀጥሎም የሚጡን ፊት ነው። ልጃቸው አንገቷን ደፍታለች፣ አለቃዋ ጆሮዋ ላይ ያንሾካሹካል፣ ስለዚህ ልጃቸው ተጠቅታለች። አስተማሪነት የኩራት ሥራ ነው፣ ሌላውን ሲፈትን የኖረ ሰው ተራው ሲደርስ መሸሽ የለበትም ብለው ጀመሩ። ረጅም ንግግር አላደረጉም።

«ሬዲዮ የሚለው ካስፈራችሁ መጀመሪያ እኔ ልፈተን። ይህን የጻፈችው ልጅ በእጄ ነው ያደገችው። ለማንም ክፉ አታስብም። እኔን የምታምኑኝ ከሆነ እሷን እመኑልኝ።»

አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ አባ ዝም ከተናገረ ምን ይባላል አለና ትንሽ ተሳቀ። ከዚያ በኋላ እጅ ያነሣ የለም፤ ያስተማረህን ሰው በአደባባይ መቃወም ነውር ነው። ባለትራሷ አንድ ጊዜ ወደኋላ ዞራ አየቻቸውና መልሳ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሚጡ መናገር ትችል ነበር። ማይክሮፎኑ ፊቷ ነው። አለቃዋ እንግዲያውስ ሰባተኛው እንዳለ ይጽደቅ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይሠራበት ሲል ማይክሮፎኑን ወደ እሱ አቀረበችለት። ተጨበጨበ። ጋሼ የሚጨበጨበው ለእሷ መስሏቸው እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

ኮሪደሩ ላይ ባለትራሷ መጥታ ጋሼን ሳመቻቸው። ልጇን አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ለእህቷ ሰጥታ ስለመጣች ትቸኩላለች፤ አውቶቡሱ ካመለጣት ማደሪያ የላትም። ጋሼ እጇን ይዘው ታልፊያለሽ፣ እኔ ያስተማርኩሽ ሆነሽ ፈተና ትፈሪያለሽ ወይ ብለው ቀለዱባት። እሷ ፊቷ ሳይፈታ፣ አቀርቅራ የቦርሳዋን ዚፕ እየዘጋች፣ ፈተናውን አይደለም የፈራሁት፣ እርስዎ ይህን ይላሉ ብዬ ግን አልጠበቅሁም አለች። ጋሼ ፈገግ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። የሰማቻት ሚጡ ብቻ ናት። ባለትራሷ ለሚጡ በአክብሮት ጎንበስ ብላ፣ እርስዎም ሥራዎ ነው ብላት ሄደች። ሰው እንዲህ ጨዋ ሲሆንብህ መግቢያ ቀዳዳ ነው የሚጠፋህ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ ደስታቸው እንደ ልጅ ነበር። እትዬ ይህን ሳይሰሙ እንዳያድሩ ቶሎ ንጂ አሏት። ትንሽ ሄደው ግን ሸሚዛቸውን ከላይ ፈታ አደረጉና ጠየቋት። ባለትራሷ ለምን ፊቷን አጠቆረችባቸው? ስብሰባው ላይስ ምን ብላ ነው የተቀመጠችው? ሚጡ መኪናውን ከመንገዱ አውጥታ፣ የተዘጋ ጋራዥ በር ላይ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። አሁንም ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ ልትናገር ትችል ነበር፤ ተናገርኩ ለማለት ያህል ይበቃል። ይህን ማሰቧ ራሱ አስጠላት። ቀበቶዋን ፈትታ፣ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ጉልበቷ ከጉልበታቸው ሊነካ እስኪል ቀርባ ባለትራሷ ያለችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ጋሼ ከንፈሯን እያዩ አዳመጡ። ስለ ሚጠባው ልጅ ስትደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንዲህ ነው ያለችው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እና እኔ እዚያ ቆሜ ያን ሁሉ ስቀባጥር ዝም አልሽኝ?»

ቀሪውንም ነገረቻቸው። እሁዱን፣ ፍሬኑን፣ ብርቱካኑን፣ ሰኞን። ሰባተኛው አንቀጽ ለማን እንደተጻፈ ስትናገር እንባዋ ቀደማት፤ ከንፈሯ ሳይነበብላቸው እንዳይቀር ሰግታ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ የጋራዡን በር አዩ። ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

«ሻይ ላይ ብትነግሪኝ ይበቃ ነበር እኮ» አሉ ቆይተው። «አኮርፍ ነበር። ሳምንት ባኮርፍ ነው። ለእኔ የምትዪውን ለአገር ሙሉ አልሽው፤ እኔንም አጨብጫቢ አደረግሽኝ።»

ነገ ለአለቃዬ እነግራለሁ፣ እውነቱን እጽፋለሁ አለች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቃዳቸውን ነገ ጠዋት እንደሚመልሱ ተናገሩ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የፈቱትን የሸሚዛቸውን ቁልፍ መልሰው ቆለፉ።

«አለቃሽ ይቆይ» አሉ። «አሁን ለልጅቷ ደውይላት። እኔ በደወልኩ ነበር፤ ስልክ ላይ አልሰማም።»

ይህን ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኳን አወጣች። ባለትራሷ ቶሎ አነሣች፤ ከኋላዋ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል። የደወለው ማን እንደሆነ ስታውቅ ድምፅዋ ፈካ አለ።

«ሰረዛችሁት?» አለች።

አልተሰረዘም አለች ሚጡ። ከዚያ ሳታቋርጥ ቀጠለች፤ ካቆመች እንደማትጀምረው ታውቃለች። አንቀጹ የተጻፈው በአስተማሪዎች ጥፋት አይደለም፤ በአጎቴ ጆሮ ምክንያት ነው፤ ለእሳቸው መንገር ፈርቼ ነው፤ እሳቸውም ዛሬ ንግግርሽን አልሰሙትም፤ ቢሰሙ ኖሮ አይነሡም ነበር። ነገ ለአለቃዋ ትናገራለች፣ ከጸደቀ በኋላ ይመልሰው እንደሆነ ግን አታውቅም። ስትጨርስ ባለትራሷ ልጇን እሹሩሩ ስትል ቆየች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች። አልጮኸችም።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

ሚጡ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ወደ እሳቸው ዞረች። ቃሉን ማለዘብ ትችል ነበር፤ አላለዘበችውም። ቀስ ብላ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«‹ለእሳቸው ይሉኝታ ከያዘሽ፣ ለእኔ እንዴት አልያዘሽም?› ነው የምትለው።»